በሰልፉ ላይ የታደለው ኬክ

ሴቶችን እየደፈረ የሚሰወረውን ሰው ፖሊስ ለዓመታት ቢያሳድደውም ማንነቱን ማወቅ አልቻለም። በእኛ በዮርክሽር መንደር ግን እያንዳንዱ ሰው የሚጠረጥረው ነበረው፤ ብዙዎቹ የሚጠረጥሩት ደግሞ ልጄን ኔቪልን ነበር። ኔቪል ዝምተኛ ነው፤ ሲመሽ ባትሪ ይዞ የእሳት እራት ያሳድዳል። ለሰው ይኸው በቂ ማስረጃ ሆነ። እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

ስለዚህ የአካባቢው ወንድ ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምራቁን ለዲኤንኤ ምርመራ እንዲሰጥ ሲጠየቅ ደስ አለኝ።

«እማዬ፣ አሁን ስሜ ይጠራል» አለኝ ኔቪል። አብሬው ሄድኩ።

ፖሊሶቹ ዕቃቸውን እስኪያዘጋጁ ሰልፉ መንገድ ላይ ወጣ። ያካፋል። በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በዚያ ሰሞን ንባብ እየተማርኩ ስለነበር ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ ከምርመራው በፊት መብላትና መጠጣት ክልክል ነው ይላል። ግን ሰው በብርድ ቆሞ እንዴት ዝም ይባላል? ጎረቤቴ ዊኒፍሬድ ሻይ አፈላች፤ እኔ ኬክ ቆርሼ አደልኩ።

የምርመራው ኃላፊ ሳጅን ሄፕዎርዝ ከአዳራሹ ብቅ ስትል ወንዱ ሁሉ ያላምጣል።

«ማነው ያበላቸው?»

«እኔ ነኝ። ለእርስዎም አስቀምጫለሁ።»

«ማስታወቂያውን አላያችሁም?»

«አይተናል» አለች ዊኒፍሬድ፤ «ሻይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መጠጥ የሆነው?»

«በሉ፣ ሁላችሁም ነገ ተመለሱ!»

ልጄ አንድ ቀን ደግሞ ተጠርጣሪ ሆኖ ሊውል ነው።

ሰልፈኛው አጉረመረመ። የቧንቧ ሠራተኛው ስታን ግን ጮኸ፦ «ነገማ አልመጣም! ለሰው ብዬ አንድ ቀን ሥራ ፈታሁ፣ ይበቃኛል!»

«ለማን ብለው?» አለች ሳጅኗ ዞር ብላ።

ስታን አፉን ያዘ። ቃሉ ግን አምልጦታል። የስታን የራሱ ተራ ሌላ ቀን ነው፤ አለቃው ግን «ፖሊስ ያስፈራኛል፣ ባክህ በእኔ ስም ተሰለፍልኝ» ብሎት ነበር። ሳጅኗ ከከተማ ስለመጣች ፊታቸውን አትለይም። ስታን የዋህ ነው፤ ውለታ የዋለ መስሎት ነው።

አለቃውን ከቤቱ ወሰዱት። ምራቁ ተመረመረ፤ ለዓመታት የተፈለገው ሰው እሱ ሆነ። ያጠቃቸው ሴቶች በወሬው አልቅሰው ሲስቁ አይቻለሁ።

ኔቪል ግን አዳራሹ ድረስ ተመልሶ ሄደ፤ እኔና ዊኒፍሬድም ተከተልነው።

«ሰውዬው ተይዟል እኮ፤ ያንተ አያስፈልግም» አለችው ሳጅኗ።

«ለእኔ ያስፈልገኛል። ውሰጂልኝ።»

ከጉንጩ ውስጥ ምራቁን ወሰደችለት። ዊኒፍሬድ ፊቷ በሐፍረት ቀልቶ ቀረበች።

«ኔቪል ልጄ፣ አፌን ይቁረጠው፤ እኔም ጠርጥሬህ ነበር።»

«አውቃለሁ እትዬ ዊኒ። ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ነበር።»

«ታዲያ ተቀየምከኝ?»

«ኧረ! ጉልበትዎ እያመመዎት ዳገቱን ሲመርጡ፣ እኔ ያዘንኩት ለጉልበትዎ ነው።»

ያን ያህል ስቄ አላውቅም።