የዳኛው ዝምታ

ነጎድጓድ የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት ገና ተዋናይ ሳይሆን፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ የመነሻ ሰዓት በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ነው። አንድ ጠዋት ማጉያው ተበላሸ። እሱም በጠባቧ መስኮት አንገቱን አስግጎ በገዛ ጉሮሮው ተጣራ፤ አግዳሚ ላይ ያንቀላፋው መንገደኛ ሁሉ ብድግ አለ። ካንቀላፉት አንዱ የቴአትር አዘጋጅ ነበር። አዘጋጁን ያን ቀን አውቶቡስ አመለጠው፤ ተዋናይ ግን አገኘ። ነጎድጓድ ይህን ታሪክ ሲያወራ በየዓመቱ ትንሽ ይጨምርበታል፤ መጨረሻ ላይማ "አውቶቡሱ ራሱ ሞተሩን አጥፍቶ ሰማኝ" ማለት ጀምሮ ነበር።

ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማዋለች እንጂ አታርመውም። ማረም ሥራዋ ነው፤ ሥራዋን ግን ቤት ይዛ አትገባም። በቴአትር ቤቱ ሠላሳ አራት ዓመት ቃል አስታዋሽ ሆና ሠርታለች። ከቀኙ መጋረጃ ጀርባ አጭር በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ጽሑፉን ጭኗ ላይ ትዘረጋለች፤ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው የመጀመሪያዋን ቃል ሹክ ትለዋለች። አንዲት ቃል ብቻ። "ሁለተኛዋን ከነገርኩት የተጫወትኩት እኔ ነኝ" ትላለች።

ነጎድጓድ ሠላሳ ሰባት ተውኔት ተጫውቷል። ሎሌ ሆኗል፣ ጄኔራል ሆኗል፣ አንዲት ተዋናይት ታማ በቀረችበት ቀን የሙሽራዋ አክስት ሆኖ አዳራሹን በሳቅ ገድሎታል። ወደ ፊልም ሲሻገር የካሜራ ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን "ጌታዬ፣ ካሜራው እኮ እዚሁ አጠገብዎ ነው፤ ሌላ ከተማ አይደለም" አለው። ከዚያ ወዲያ ድምፁን ኪሱ ከቶ በዓይኑ መጫወት ተማረ። በአሥራ አንድ ፊልም ያ ዓይን ያላስለቀሰው ሰው ጥቂት ነው። ለሽልማቶቹ ግን ደንታ አልነበረውም፤ ከባዱን የነሐስ ሐውልት የመኝታ ቤት በር ማስደገፊያ አደረገው። ሚስቱ መደርደሪያ ላይ ታወጣዋለች፣ እሱ ያወርደዋል። እሱ ካለፈ ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። ሐውልቱ እዚያው በሩ ሥር ነው፤ አሁን የሚያነሳው የለም።

ከሁሉ በላይ ስሙን ያስጠራው ግን ድምፁም ዓይኑም ሳይሆን ዝምታው ነው። እሱ ዳኛ ሆኖ የተጫወተበት ተውኔት ታሪኩ አጭር ነው፤ አንድ ዳኛ በገዛ ወንድሙ ላይ የሞት ፍርድ ይፈርዳል። ከፍርድ ቤት ሲመለስ እናቱ "ፈረድክበት?" ትለዋለች። ዳኛው ዝም ይላል፤ አዳራሹ እስኪጨነቅ ድረስ ዝም ይላል። ከዚያ "ዘበኛውን ጥሩልኝ" ይላል፤ የእስር ቤቱ ዘበኛ ይገባና ወንድምየው በመጨረሻ የተናገረውን ያወራል። ዘበኛው ሲጨርስ ዳኛው "በሩን ዝጉት" ይላል፤ መጋረጃ ይወርዳል። ስለዚያ ዝምታ ጋዜጦች ጽፈዋል፣ ተማሪዎች ተመርቀውበታል። በመንገድ ላይ ሰው ሁሉ "ዳኛው!" ይለው ነበር። እንዲያውም በአጥር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች "ፍረዱን" ብለው ቤቱ ድረስ መጥተው ነበር፤ ፈረደላቸው፣ ታርቀውም ሄዱ። አንድ ጊዜ የቴሌቪዥን ጠያቂ "በዚያ ዝምታ ውስጥ ምን እያሰቡ ነበር?" ሲለው "ሰው እየጠበቅኩ ነበር" ብሎ መለሰ። ጠያቂው ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ጥልቅ መሰለው። ሚስቱ ቤቷ ሆና እያየች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ቴአትር ቤቱ ያንን ተውኔት ለመታሰቢያው እንደገና ሊያሳይ ሲነሳ፣ እሷን የጠየቃት አንድ ነገር ነው፤ ያኔ ጭኗ ላይ የነበረውን ጽሑፍ በመግቢያው አዳራሽ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ለማስቀመጥ እንድትሰጠው። በጨርቅ ጠቅልላ፣ ልምምድ በሚደረግበት ጠዋት ይዛ መጣች።

"ተጠንቀቁ፣ መጣችላችሁ!" አለ ከመድረኩ ጫፍ አንድ ሽማግሌ። "ዛሬ ማንም ቃል እንዳይረሳ!"

"አንድ ገጽ" የሚሉት ተዋናይ ነው። ዕድሜ ልኩን ከአንድ ገጽ የበለጠ ንግግር ስላልደረሰው ይህ ስም ወጣለት። የእስር ቤቱን ዘበኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጫወተው እሱ ነው፤ ዛሬም የዘበኛውን ቆብ በእጁ ይዟል።

"አንተ ለአንዲት ገጽ ደግሞ አስታዋሽ ምን ያደርግልሃል?" አለችው።

"አንዲት ገጽ ናት የምታስፈራው! አርባ ገጽ ያለው ሰውማ አንዷን ቢጥል ማን ያውቅበታል?"

አዘጋጇ፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ፈጣን ሴት፣ ወርዳ ሳመቻት። "እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡልኝ። መጨረሻውን ይዩልኝና ይፍረዱ።" ከኋላዋ አንድ ጋዜጠኛ ማስታወሻውን ከፍቶ ተቀምጧል።

የዳኛውን ቦታ የያዘው ወጣት ተዋናይ ጎበዝ ነው። እናቲቱ "ፈረድክበት?" አለችው። አገጩን ቀና አድርጎ ዝም አለ፤ የሚያምር ዝምታ ነበር፤ ከንፈሩ ባይንቀሳቀስም እየቆጠረ መሆኑን እሷ አወቀችበት። ቆጥሮ ሲጨርስ፣

"በሩን ዝጉት" አለ። መብራቱ ጠፋ።

መብራቱ ተመልሶ ሲበራ አንድ ገጽ በግራው መጋረጃ ጥግ ቆሞ ነበር።

"እኔስ?" አለ።

"ጋሼ፣ ትናንት ነገርኩዎት እኮ" አለች አዘጋጇ። "ከዚያ ዝምታ በኋላ ንግግር ምን ይጨምራል? ዝምታው ራሱ ይናገራል። እርስዎ መጀመሪያው ላይ በር የሚከፍቱበት ቦታ አለዎት።"

"በር መክፈትማ ቤቴም እከፍታለሁ" አለ ሽማግሌው። ሰዉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ቆቡን ግን ራሱ ላይ አላደረገም፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

እሷ ጭኗ ላይ ያለውን ጥቅል ጨበጥ አደረገች። በሩን። ይህችን ቃል ከአርባ ዓመት በፊት በተውኔቱ በዚህችው ቦታ ላይ ተናግራታለች። ዝም ብትል የሽማግሌው ገጽ ይቀራል። ብትናገር ደግሞ ሰው ሁሉ የባሏ ታላቅነት ብሎ የሚያውቀው ነገር በጋዜጣ "ረሳ" ተብሎ ይወጣል፤ እሱም ተነስቶ አይመልስላቸውም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሷ ግን አፍዋ አምልጧት አያውቅም። ነጎድጓድስ ቢሆን ምን ይል ነበር? ሰው የሚያውቀው ነጎድጓድ ዝም ማለቱን ነው፤ እሷ የምታውቀው ግን ለምን ዝም እንዳለ ነው።

ጨርቁን ፈታችው።

"ነዪ እስቲ" አለች አዘጋጇን። "ይህን ተመልከቺ።"

ወረቀቱ ጠርዙ ተበልቷል። ገጽ አርባ ሁለትና አርባ ሦስት መሐላቸው ላይ የተቀደዱ፣ የደረቀ ቡናማ ነጠብጣብ ያለባቸው ናቸው።

"ማር ነው" አለች። "ጽሑፌን ወስዶ ቤት ሲያጠና ለጉሮሮው ማር በሙቅ ውሃ ይጠጣ ነበር፤ እዚህ ላይ አንጠባጠበ። ሁለቱ ገጾች ተጣበቁ፤ እኔም አላየሁም። በመጀመሪያው ቀን፣ አዳራሹ ሞልቶ፣ እናቲቱ ስትጠይቀው ቃሉ ጠፋው። ወደ እኔ ዞረ። እኔም ገጽ ገለጥኩ፤ ከአርባ አንድ ወደ አርባ አራት። 'በሩን' አልኩት።"

ማንም አልተናገረም። ጋዜጠኛው እስክሪብቶውን አነሳ።

"አይቀበለኝም። ደግሜ 'በሩን' አልኩት፤ ጮክ ብዬ። ዝም። ያ ቃል የመጨረሻው እንደሆነ ያውቃል፤ ካለው መጋረጃ ይወርዳል። የራሱን ቃል ረስቷል፤ መሐል ላይ የማን ንግግር እንዳለ ግን አልረሳም። ያን ቀን የእሱ እናት" አለችና ወደ አንድ ገጽ ዞረች፣ "ከሩቅ አገር መጥታ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጇ ሲናገር ልትሰማ። ስለዚህ ቆመ። ስሙ በመጀመሪያው ቀን ቢጠፋም ይጥፋ ብሎ ቆመ፤ እኔ ወረቀቱን በጥፍሬ ቀድጄ 'ዘበኛውን' እስክለው ድረስ። ዝምታው ይኸው ነው። ቤት ስንገባ አለቀስኩ። እሱ ግን 'ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ዛሬ ሁለቱም ተገናኙ፤ ሞኙ እኔ ነኝ' ብሎ ሳቀ። ስህተቱ የእኔ ስለሆነ ለማንም አልተናገረም። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያመሰግኑት አንገቱን ደፍቶ ቻለው።"

ከዚያም አዘጋጇን "አሁን አንቺ የቆረጥሽው እሱ አልቆርጥም ያለውን ነው" አለቻት።

አንድ ገጽ ቀስ ብሎ ከመድረኩ ወርዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

"እማዬ" አለ፣ ድምፁ ወረደ። "እማዬ እስክትሞት ድረስ ለጎረቤቱ ሁሉ 'ያ ትልቁ ሰውዬ ልጄ እስኪገባ ድረስ ዝም ብሎ ጠበቀው' ስትል ኖረች። እኔ ደግሞ የተማርኩ መስሎኝ 'ኧረ እማዬ፣ ድራማው ነው እንጂ! አታሳፍሪኝ' እላት ነበር።" ቆቡን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ መታ መታ አደረገው፤ አቧራ ያራገፈ ለመምሰል። "ለካ ከተመልካቹ ሁሉ የገባት እሷ ናት።"

አዘጋጇ ጽሑፉን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ለመብራት ሠራተኛው "የቆረጥነውን መልሱት" አለችው። ወደ አንድ ገጽ ግን ወዲያው ማየት አልቻለችም።

ጋዜጠኛው ወደ አስታዋሿ ጠጋ አለ። "እትዬ፣ ይህን... ልጻፈው?"

"ጻፈው" አለች። "ብቻ 'ረሳ' ብለህ አትጀምር። 'ጠበቀ' ብለህ ጀምር።"

ወጣቱ ተዋናይ እስከ በሩ ሸኛት።

"እትዬ፣ በዕለቱ በርጩማዎ ላይ ይቀመጡልኝ። እኔ ከእንግዲህ አልቆጥርም። ቃሏን እስኪሰጡኝ ድረስ አልናገርም።"

"ባልሰጥህስ?"

"ቆሜ ማደር ነዋ!"

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች፤ ሳቋ እሷኑ አስደነገጣት።

እሁድ ከቀኑ በአሥር ሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የመስታወቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው አዲሱ ቅጂ ነው፤ አሮጌውን ይዛ ከቀኙ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣለች። በርጩማው ያው ነው፤ አንዱ እግሩ አሁንም ያነክሳል። በትንሿ መብራት ሥር ጣቷን ገጽ አርባ አንድ ላይ አሳረፈች።

"ፈረድክበት?" አለች እናቲቱ።

ወጣቱ ወደ አስታዋሿ ዞረ። አገጩን ቀና አላደረገም፣ አላማረበትም፤ ዓይኑ ብቻ ይጠብቅ ነበር፣ የቸገረው ሰው ዓይን። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ ጠፋ። ያቺን ቃል ምላሷ ላይ ይዛታለች። እስካልተናገረቻት ድረስ ያ ሁሉ ሰው የተቀመጠው ባሏ በሠራው ዝምታ ውስጥ ነው፤ ሌላ ማንም እንዲህ ያለ ቤት አልሠራም። ለአንድ ትንፋሽ፣ ከዚያም ለሌላ አንድ፣ ለራሷ አቆየችው። ማንም አላወቀባትም።

ከማዶ፣ በግራው መጋረጃ ጥግ፣ አንድ ገጽ ቆቡን እያስተካከለ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

ሰው ማስጠበቅ ደግም አይደል።

"ዘበኛውን" አለች ሹክ ብላ።

"ዘበኛውን ጥሩልኝ" አለ ዳኛው፤ ሽማግሌውም ገባ። እሷ ጣቷን በምላሷ አርሳ ገጹን ገለጠች፤ አንዱን ብቻ።