ማርሽ ያልገባበት ሞተር

በድሪያ ሞተር ሳይክሉን አስነስታ ከጊቢ ስትገፋ ቅዳሜ ዕለት ሃያ ሁለተኛ ቀኗን ያዘች። በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ታስነሳዋለች፤ ባሏ ያደርገው እንደነበረው ትንሽ ታሞቀዋለች፤ ከዚያ የቆርቆሮውን በር ከፍታ ከእሷ ሦስት እጥፍ የሚከብደውን ብረት እያንደቀደቀ ወደ ውጭ ትገፋዋለች። ከቃሊቲ መጋዘኖች ጀርባ ያለው የእነሱ ቅያስ ቁልቁለት ስለሆነ መውጣቱ አያስቸግርም። ከጎረቤታቸው ከኑሪ አጥር ጥግ ስትደርስ አጥፍታ ጊቢው ውስጥ ትደብቀዋለች። ማታ ደግሞ እንደገና አስነስታው፣ ኑሪ ከኋላ እየገፋላት ዳገቱን ትመልሰዋለች፤ ያኔ ነው ወገቧ የሚቆረጠው።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ሰው ጆሮ ነው። የኋለኛዋ ክፍል ውስጥ የተኙት አማቷ አባባ ኸሚስ ልጃቸው ፈርሃት መሞቱ አልተነገራቸውም። ሥራ በዝቶበት ማልዶ ይወጣል፣ አምሽቶ ገብቶ ደክሞት ይተኛል ትላቸዋለች።

ፈርሃት ለመስክ ሥራ ከባልደረቦቹ ጋር ያቤሎ ወርዶ ነበር፤ የተሳፈሩባት መኪና ተገለበጠች። በዕለቱ እዚያው ቀበሩት። በድሪያ መቃብሩን አላየችም፤ ያየችው ከመሥሪያ ቤቱ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣላትን ሞተር ብቻ ነው። አባባ ኸሚስ ስኳር ዓይናቸውን ካጠፋው ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙ፣ "እስኪታከሙ ድረስ ድንጋጤ እንዳይነካቸው፤ አይችሉትም" ብሎ ነበር። መርዶ መቼም እንደ ተራ ወሬ ብድግ ተብሎ አይነገርም። ቀን ይቆረጥለታል፤ በንጋት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ከጎን ተቀምጦ ነው። ሽማግሌዎቹ ኑሪ ቤት መከሩና፣ "መጀመሪያ ይታከሙ፣ መርዶው ይቆይ" አሉ። ለሕክምናው የሚሆን፣ ከቤቱ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ቢባል ያው ሞተሩ ነው። በድሪያ ቀጣዩን ውሸት አዘጋጅታ ጨርሳለች፦ "አባባ፣ ፈርሃት ከእንግዲህ በሰርቪስ ነው የሚሄደው።" የባሏን ሐዘን፣ ዒዳዋን፣ በወጉ አልተቀመጠች፣ እንደ ሰው ጮኻ አላለቀሰች። የቤቱ ግድግዳ ስስ ነው።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገዢው መጣ። ሞቲ ይባላል፤ ቂሊንጦ የሚኖር፣ መሬት እየለካ ገጠር ለገጠር የሚዞር ወጣት ነው። አብሮት ጋሽ ደበላ ነበር። ጋሽ ደበላ አሁን መጋዘን የቆመበት መሬት ላይ አባቱ ጤፍ ሲያርሱ ያደገ የአቃቂ ልጅ ነው፤ ሞተር መጠገንን ማንም ሳያስተምረው በማዳመጥ ብቻ ተማረ። በዚያ ሰፈር አሮጌ ሞተር ለእሱ ሳያሰማ የሚገዛ ሰው የለም።

ሞቲ ኑሪ ጊቢ ገብቶ ሞተሩን ሲያይ ዓይኑ በራ። ረጅም እግር ያለው፣ ታንከሩ ሰፊ፣ በግራና በቀኙ የብረት ሣጥን የታሰረለት፣ ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆን ሞተር ነው። ፈርሃት ከአንድ እርዳታ ድርጅት ጨረታ ላይ ነበር ያወጣው።

"ጋሽዬ፣ ይሄ እኮ ከእኔ የበለጠ አገር አይቷል!"

"አገር ማየቱን ተወው፤ ወገቡን ያመው እንደሆነ እንየው" አለ ጋሽ ደበላ። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ፣ በከንፈሩ "በስመ አብ" አለና መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ።

"ሞቋል።"

 ጋሽ ደበላ ትናንት በኑሪ በኩል ለበድሪያ፣ "እስክመጣ እንዳታስነሱት" ብሎ ልኮባት ነበር። ግን እንዴት ሳታስነሳው ልትቀር?

"አየህ አይደል?" አለ ሞቲ። "ሻጭ ቀድሞ ካሞቀ የሚደብቀው አለ፣ አንተ ራስህ ነህ ያልከኝ። ልንሸወድ ነው!"

"አፍህን ሰብስብ፣ ገና መች አየሁት።" ጋሽ ደበላ ጎንበስ አለ። የዘይቱን መለኪያ አውጥቶ ዘይቱን በጣቶቹ መሃል አሸው፤ አሸተተው። መሪውን ግራና ቀኝ አዞረ። የኋላ ጎማውን ይዞ ወደ ጎን ነቀነቀው፤ ኩሽኔታው አልተንቀጫቀጨም። ሻንሲውን ከሥር በጣቱ ዳበሰ፤ የተበየደ ቦታ ፈለገ፣ አጣ። "ይሄንን የያዘ ሰው ሰነፍ አልነበረም" አለ ለራሱ። ከዚያ ካንዴላውን ፈታና ለፀሐይ ያዘው። ከሰል መስሏል። ሰንሰለቱ ላይ ስስ ዝገት አለ፤ በጎማው ሽቦዎች መሃል ሸረሪት አድርታለች።

ካንዴላውን መልሶ አሰረ።

"የእኔ ልጅ፣ ይሄ ሞተር ይነሳል እንጂ አይሄድም። በየቀኑ እየተነሳ ቆሞ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ለምንድን ነው?"

"ባትሪው... ባትሪው እንዳይሞት ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"ባትሪ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል" አለ ሞቲ። "ካልነዳሁት ደግሞ አልገዛም፤ ግልጽ ነው። ቁልፉን አምጪ።"

"እዚህ አታስነሳው!" ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ወጣ። ከዚያ ዝግ ብላ፣ "እባክህ ወንድሜ፣ ገፍተን አስፋልቱ ጋ እናስነሳው። የታመመ ሰው አለብኝ" አለች።

ሞቲ ሊናገር ሲል ጋሽ ደበላ ሞተሩን መግፋት ጀምሮ ነበር።

አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪኖች እየተግተለተሉ አቧራ ያለብሳሉ። ሞተሩ ተነሳ። ጋሽ ደበላ ከኪሱ አንድ ስንዝር ተኩል የምትሆን የወይራ ዱላ አወጣ፤ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ሥር አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ያ ሁሉ የመኪና ጩኸት እንዳልነበረ ሆነ። በድሪያ ሰው በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም እንዲህ አድርጎ ሲሰማ አይታ አታውቅም።

"ንዳው" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ሦስተኛ ላይ ቃጠሎ ከሸተተህ፣ አራተኛ ላይ ከተንቀጠቀጠብህ መልሰህ አምጣልኝ። ፍሬኑን ደግሞ ቀስ ብለህ፤ ገና አልተዋወቃችሁም።"

ሞቲ ወደ ቀላል ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ አቅጣጫ ተፈተለከ።

ሁለቱ መንገድ ዳር ቀሩ። ጋሽ ደበላ ምንም አልጠየቃትም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። ዝም የሚል ሰው አንዳንዴ ከሚጠይቀው ይብሳል፤ በድሪያ ያላሰበችውን ነገረችው። ያቤሎን፣ የሐኪሙን ቃል፣ የንጋቱን መግፋት፣ የማታውን ዳገት።

"ሃያ ሁለት ቀን?" አለ።

"ዛሬን ጨምሮ።"

ጋሽ ደበላ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ። "እኔ ደግሞ በልቤ ሌባ ብዬሽ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።" ጨርቁን ኪሱ ከተተ። "ሞተሩ ደህና ነው፣ ልጄ። እንዲገዛሽ እነግረዋለሁ። ስንወስደውም እስከ አደባባዩ ድረስ ገፍተን—"

አልጨረሰም። ሞቲ ከሩቅ እየመጣ ነበር። ፊቱ ላይ ጥርስ ብቻ ነው የሚታየው። አጠገባቸው ይቆማል ሲሉ እጁን አውለብልቦ፣ "ዳገቱን ልሞክረው!" ብሎ ወደ ቅያሱ ታጠፈ።

"ቁም! አንተ ልጅ፣ ቁም!" ጋሽ ደበላ ሁለት እጁን አንስቶ ሮጠ። ሞቲ በመስታወቱ አየውና የደስታ መስሎት እሱም እጁን አነሳለት። ሞተሩ ቅያሱን በሦስተኛ ጀመረው፣ ድምፁ ሲከብድ ሁለተኛ ገባ፣ ኑሪ አጥር ጋ ዳገቱ ሲጠና አንደኛ ገባና እያጓራ ወጣ። መዞሪያ ቦታ ያለው እነበድሪያ በር ላይ ነው። ሞቲ እዚያ ደርሶ ቆመና ሞተሩን አጠፋ።

በድሪያ ስትደርስ ትንፋሽ አልነበራትም። ሞቲን አልፋ ገባች። አባባ ኸሚስ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ እግራቸው ጫማ ውስጥ ነው፣ ሁለተኛውን ጫማ በመዳፋቸው ወለሉ ላይ ይፈልጋሉ። ፊታቸው በእንባ ርሷል። ይስቃሉ።

"በድሪያ! ሰማሽ? ዳገቱ ላይ አንደኛ አስገባ እኮ!"

"አባባ፣ ይተኙ፤ ልብዎን..."

"የምን መተኛት! ነይ፣ ነይ እዚህ።" እጇን አገኙት። "ይቅር በይኝ፣ ልጄ። እኔ ሞቷል ብዬ ነበር። ሠላሳ ዓመት አሰብ መንገድ ላይ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው ማርሽ የገባበትንና ያልገባበትን ሞተር አልለይም? በየጠዋቱ ባዶውን ሲጮህ፣ የአንቺ ጫማ ጠጠሩ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኝ ነበር። ልጄ የለም፣ ይቺም ልጅ የምትለፋው ለእኔ ብላ ነው፣ አላሳፍራትም አልኩ። ዝም አልኩሽ። የሙት ዱዓ አደረግኩለት፣ በድሪያ! በቁሙ! ምን ያለ አባት ነኝ? የአላህ ሥራ፣ ዛሬ ማርሽ ገባ። ጥሪው፣ ይግባ። ምን ደጅ ያስቆመዋል?"

በድሪያ አሁን ገባት። ሐኪሙ የፈራውን ሐዘን እኚህ ሰው ብቻቸውን፣ ያለ ሰው፣ ያለ ደጋፊ፣ ግድግዳ ወዲያ ሆነው ተሸክመው አልፈውት ኖሯል። አልገደላቸውም። አሁን ግን ልጃቸው ተነስቶ በራቸው ላይ ቆሟል፤ መልሳ የምትገድልባቸው እሷ ናት።

"ጋሽ ደበላ!" አለ ሞቲ ከውጭ፣ ምንም ሳያውቅ። "ዳገቱን እንደ ፍየል ነው የወጣው!"

የአባባ ኸሚስ ሳቅ ቆመ። ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ።

"ማነው እሱ?"

ጓደኛው ነው ልትል ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቷል። ቀና ስትል ጋሽ ደበላ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ኑሪ እያለከለከ ደርሶ ራሱን ይነቀንቅላታል፦ አይሆንም፣ አሁን አይደለም፣ እንዲህ አይነገርም።

"አባባ" አለች፣ "የነዳው እሱ አይደለም። ሞተሩን ሊገዛ የመጣ ሰው ነው።"

እጃቸው እጇን አልለቀቀም። ጨበጣት፣ በጣም ጨበጣት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ላላ። ጋሽ ደበላ ማንንም ሳያስፈቅድ ገብቶ አልጋው ላይ ከጎናቸው ተቀመጠ፤ ትከሻቸውን በክንዱ ደገፈ። የመርዶ ደጋፊ እንዲህ ነው የሚቀመጠው፤ በሃይማኖት የሚለይ፣ ቀድሞ ያላያቸው ሰው ቢሆንም።

 ውጭ የጭነት መኪና ጥሩንባ ተሰማ።

"ይሄኛውስ ማነው?" አሉ በመጨረሻ።

"ደበላ እባላለሁ፣ አባቴ። መካኒክ ነኝ።"

"ሞተሩን ያዳመጥከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እንዴት ነው?"

ጋሽ ደበላ ስለ ሞተር ሲጠየቅ ዋሽቶ አያውቅም፤ አሁንም አልዋሸም። "ካንዴላው ብቻ ነው የጠቆረው። ሌላው ንጹሕ ነው። ዘይቱን በጊዜው ቀይሯል፣ አንድ ብሎን አልጎደለም፣ ወድቆም አያውቅም። ልጅዎ በደንብ ይዞታል፣ አባቴ።"

አባባ ኸሚስ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ነቀነቁ። ከንፈራቸው "ኢና ሊላሂ" ሲል ድምፅ አልነበረውም። ጓሮ በኩል ጎረቤት መሰብሰብ ጀምሯል፤ ኑሪ ልኮ ይሆናል። ሞቲ ከደጅ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ የሚያስቀምጥበት አጥቶ ቆሟል።

"የት ነው ያረፈው?"

"ያቤሎ።"

"ማን አጠበው?"

ይህን ለሃያ ሁለት ቀን ማንም አልጠየቃትም ነበር። በድሪያ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት የወጣው ቃል አልነበረም፤ ከሆዷ የመጣ ጩኸት ነበር፣ ቆርቆሮውን አልፎ ቅያሱን ሞላው። ማንም ዝም በይ አላላትም። አባባ ኸሚስ እስኪወጣላት ጠበቁ፤ ራሷን በመዳፋቸው እየደባበሱ ጠበቁ።

"በይ አሁን ንገሪኝ" አሉ። "አንድም ሳታስቀሪ።"

በድሪያ እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች፤ ፈርሃት ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ከወጣበት ጠዋት ጀመረች።