የአማቼ ጸጉራም ቅጠል

አማቼ ይሄይስ አበባ ይዞ መጣ። አበባ ማለቴ ስም ቢቸግረኝ ነው እንጂ አበባ የሚባል ነገር የለውም። ቅጠል ብቻ ነው። እሱም ቅጠል ከተባለ፤ ወፍራም፣ ነጭ ጸጉር ያበቀለ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት። «ሰኩለንት ይባላል» አለኝ። «ይባል» አልኩት። ሰው አማቱ ቤት ሲመጣ ብርቱካን ይይዛል፣ ሲያንስ ለስላሳ። ይሄ ማስተርስ አለኝ ባይ ግን አፈር በፌስታል አንጠልጥሎ ከአያት ኮንዶሚኒየም እስከ መርካቶ በታክሲ ተጋፍቶ መጣ።

ልጄ እምነት ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ እናቷ ቤት ትታረሳለች፤ ይሄ አያከራክርም። እኔም እሷን ስወልድ እናቴ ቤት ነው የታረስኩት። ከሆስፒታል በቀጥታ እኔ ጋ እንድትመጣ ተስማምተን ክፍሉን ቀለም አስቀብቻለሁ፣ አልጋ አስገብቻለሁ፣ ለጋ ቅቤ ከሸኖ አስመጥቻለሁ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ሃያ ስምንት ዓመት መርካቶ በርበሬ በረንዳ በርበሬ እየሸጥኩ ሳስነጥስ የኖርኩት ለዚህ ቀን ነው። እቃዋን ቀድማ ስትልክ ነው እንግዲህ ያ ጉድ አብሮ የመጣው።

«እማዬ፣» አለች በስልክ፣ «ውሃ በሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ። ቅጠሉን እንዳትነኪው። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ማለት አይከብደኝም።

ይሄይስ ግን አላመነኝም፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈልኝ። ብርሃን ያለበት ይሁን፣ ቀጥታ ፀሐይ እንዳይመታው፣ ቅጠሉ እንዳይረጥብ። ለአንድ እፍኝ ቅጠል ይሄ ሁሉ መመሪያ። እኔ የማረቆን በርበሬ ከአላባው በማሽተት ብቻ የምለይ ሴት ነኝ፤ ቃሪያ እንኳን ተክሎ የማያውቅ ሰውዬ ስለ ተክል ሊያስተምረኝ ይነሳል።

ሦስት ቀን ታገስኩ። በአራተኛው ጠጋ ብዬ ሳየው ያ ነጭ ነገር ቅጠሉን ከላይ እስከ ታች ወርሶታል። በርበሬ ነጋዴ ነጭ ጸጉር ሲያይ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየው፤ ሻጋታ። አንድ ጆንያ ውስጥ ነጭ ያለበት ዛላ ካገኘሁ ጆንያውን ዘርግፌ ሳላበጥር እንቅልፍ አይወስደኝም። የተማሩ ተብለው ሻጋታ ገዝተው በቀጠሮ ውሃ ያጠጣሉ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። አራስ በምትተኛበት ቤት ሻጋታ አላስቀምጥም።

እንደ በርበሬ ዛላ እያንዳንዱን ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። ጸጉሩ ሙጭጭ ሲል ጠንከር አድርጌ አሸሁት። ተላልጦ ሲቀር ደግሞ አስጠላኝ፤ ስለዚህ ከለጋው ቅቤ ቆንጠር አድርጌ ቀባሁት። አማረበት። ከዚያ ደጅ በርበሬ ያሰጣሁበት ሸራ ጫፍ ላይ ፀሐይ እንዲመታው አስቀምጬው ወደ ሱቄ ሄድኩ። ማታ አስገባዋለሁ፣ ጠዋት መልሼ አወጣዋለሁ።

አጠገቤ ድንብላል ለምትሸጠው ለጠሂራ ነገርኳት። «እትዬ በለጥሻቸው፣ አይንኩት አላሉዎትም እንዴ?» አለችኝ።

«የተባልኩትን ሁሉ ብሰማ እስከ ዛሬ እዚህ እቆም ነበር?» አልኳት። ሳቀች።

በሳምንቱ እሁድ እምነት ክፍሉን ልታይ ከባሏ ጋር መጣች። ተክሉን ስታይ ቆመች። አንድ አረንጓዴ ቅጠል አልተረፈውም፤ ጠቁሮ፣ ሙክክ ብሎ ተኝቷል። በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው።

«ቅቤ ነው?»

«ሻግቶ ነበር» አልኩ። «ደሞ ለዚህ፤ ሌላ ትገዣለሽ።»

«ሻጋታ አይደለም እማዬ፤ ጸጉሩ የራሱ ነው።»

ይሄይስ ሊናገር ሲል ክንዱን ያዘችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ረጋ ብላ ስትናገር ነው የፈራኋት።

«ልጄንም ቅቤ ታውጫታለሽ አይደል?»

«አንቺስ ምን ውጠሽ ነው ያደግሽው?»

«ሐኪሙ ከጡት በቀር ምንም እንዳትቀምስ ብሏል። ስነግርሽ እሺ ብለሽኝ ነበር።»

ብያት ነበር። ለቅጠሉ እሺ እንዳልኳት ሁሉ ለአፌ ያህል ነበር ያልኳት፤ እሷም ገባት። አልጋውን ሳታየው ሄደች።

እምነት ሴት ልጅ ወለደች። የደወለልኝ ይሄይስ ነው። እዚያው ቤታቸው የምታርሳት እናቱ ፋናዬ ነች፤ ከቡሬ ከመጣች ሳምንቷ። አስፋልት ለመሻገር የሰው እጅ የምትይዝ ሴት፣ የእኔን ልጅ ልታርስ። ከእኔ የተሻለ ምን እንዳላት ላውቅ ብዬ ይሄይስን በነገር ወጋ አደረግኩት። «የሚሏትን ትሰማለች» አለኝ። «እሺ ልጄ» ትላለች፣ ያንኑ ታደርጋለች። እንዲህ ያለውን ሰው ዕድሜ ልኬን እየናቅኩ ነው የኖርኩት።

የገንፎ ዱቄት ይዤ ሄድኩ። በሩን ፋናዬ ከፈተችልኝ። «ይግቡ፣ ይግቡ» አለችኝ፣ በገዛ ልጄ ቤት። እጅዎን ይታጠቡ አሉኝ፣ ታጠብኩ። ሊጠይቁ ከመጡት ጎረቤቶች ቀጥዬ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኩና ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። መርካቶን ሙሉ ልጄን ላርስ ነው እያልኩ ከርሜ አራስ ጠያቂ ሆንኩ። ሕፃኗ ፋናዬ እቅፍ ውስጥ ነበረች። ልቀፋት አላልኩም፤ እስኪሰጡኝ ጠበቅኩ።