ልብ አንባቢውና የወጥ መጽሐፉ

መርጊያ በቀበሌው አዳራሽ መድረክ ላይ ቆሞ “የሰው ልብ አነባለሁ” ሲል ባለሱቋ መብሩካ ገላመጠችው። የገዛ ሚስቱ ጓዟን ጠቅልላ ካራ ሰፈር እናቷ ቤት እስክትገባ ድረስ ልቧን ማንበብ ያቃተው ሰው! አሁን ደግሞ በውሰት ኮት፣ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ይዞ ይጎማለላል።

“እትዬ መብሩካ፣ የፈለጉትን ገጽ ይግለጡና የወጡን ስም በልብዎ ያንብቡት” አላት።

መጽሐፉ ጀርባው ሆን ተብሎ ተሰብሯል፤ ገና ስትነካው እሱ በፈለገው ገጽ ላይ ተከፈተ። መብሩካ ፊደሎቹ ላይ አፈጠጠች። መርጊያ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ምጥ እንደያዛት ሴት አቃስቶ፣ “ዶሮ ወጥ! ያነበቡት ዶሮ ወጥ ነው!” ብሎ ጮኸ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው “መሃይምነትን ከቀበሌያችን ነቅለናል” ብሎ የተሸለመው ሊቀ መንበር ነበር።

“ልክ ነው አይደል?” አላት ሊቀ መንበሩ።

መብሩካ መጽሐፉን ዘጋችው።

“ጓድ ሊቀ መንበር፣ ልቤን ቢያነብማ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ያውቅ ነበር። እሱ ያነበበው፣ ‘ማንበብ ትችላለች’ ብለው ፈርመው የሰጡኝን ወረቀት ነው።”