እስከ ሰኞ

ሥራዬ የሆስፒታል አንሶላ ማጠብ ነው። በጋሪ ይመጣልኛል፤ ማሽን ውስጥ እከታለሁ፣ አወጣለሁ፣ አጥፋለሁ። አገሬ እያለሁ ደራሲ ነበርኩ። ስለሚደበደቡ ልጆች መጽሐፍ ጽፌ ታሰርኩ፣ ስፈታ ተሰደድኩ። በዚያ መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የወረድኩት ልጅ እየተገረፈ «በእርቅ ይጨረስ» በሚሉ ሽማግሌዎች ላይ ነው። እዚህም አፌ አላረፈም። በስደተኞች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስነሳ «መጣች ደግሞ የልጆች ጠበቃ» እየተባባሉ ይጠቃቀሳሉ።

ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የአገሬ ልጅ ትኖራለች፤ ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው። ከሌላ የወለደቻት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻት። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤት ሥራዋን ልትሠራ እኔ ዘንድ መጣች። ቀለም እንዳይነካው እጅጌሽን ሰብስቢ ብላት እንቢ አለች። እኔው ሰበሰብኩላት። ክንዷ ላይ የካውያ ጫፍ እንዳለ ታትሟል።

«ሸሚዙን አሳርሬበት ነው» አለች፣ ለእንጀራ አባቷ ጥብቅና እንደመቆም። ቆይታ ደግሞ፣ «እትዬ፣ ትጽፊዋለሽ?» አለችኝ።

እጽፈዋለሁ አልኳት። እዚያው ፊቷ ለሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ደብዳቤውን ጻፍኩ። ጠዋት ማድረስ ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን እናቷን ሳልነግር ብከስ ነውር መሰለኝና ወርጄ ነገርኳት። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

ሐሙስ ለሥራ ልወጣ በሩን ስከፍት ባልየው የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። መሪያቸው አገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ስመጣ ሦስት ወር ቤታቸው ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። ወንበር አቀረብኩ። እሺታሽን ሳንሰማ አንቀመጥም አሉ።

ሕጉን ነገርኳቸው፣ የልጅቷን ክንድ ነገርኳቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ አልተቀመጡም። አባቴን የሚያክሉ ሰዎች ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል። የአንደኛው ጉልበት ይንቀጠቀጣል።

«ልጄ፣ ሰውዬው ጥፋቱን አምኗል» አሉ ዳኛው። «ደብዳቤውን እስከ ሰኞ ብቻ ያዢልን። እኛ እንገሥጸዋለን።»

ጉልበታቸው የሚንቀጠቀጠው ሽማግሌ ሊንበረከኩ ጎንበስ አሉ። እሺ አልኩ። ያን ሁሉ የጻፍኩ ሴትዮ እሺ አልኩ። ተቀምጠው መረቁኝ፤ ምርቃቱ ከመርዘሙ የተነሳ ሥራ አረፈድኩ።

ሰኞ ማለዳ ስወርድ የእነ ልጅቷ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ባዶውን ክፍል ይወለውላል። ቅዳሜ ዕቃቸውን በጭነት መኪና ጭነው ሄዱ፣ የት እንደሆነ አልተናገሩም አለኝ። ለዳኛው ደወልኩ። «እኛንም አታለለን፣ ልጄ» አሉ፤ ያለቅሳሉ። አመንኳቸው። ዋሽተውኝ ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ቢሮው ሮጥኩ። ሠራተኛዋ ታውቀኛለች፤ ባለፈው ዓመት ጋብዛኝ እዚያው አዳራሽ ንግግር አድርጌያለሁ። ቀኑን አየች፤ ረቡዕ ይላል። ቅጽ አወጣችና ለምን እንደዘገየሁ ጠየቀችኝ።

«ሽማግሌዎች ቆመው ለመኑኝ» አልኩ።

እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀሪውን ጠበቀች። ቀሪ የለውም። እንዳልኩት ጻፈችና እንድፈርም ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። ፈረምኩ።