ኮሪደሩ ላይ

ስልኩ ሲጠራ የሐናንን ልብስ እያጠብኩ ነበር። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ሁልጊዜ ሰው የሞተ ይመስለኛል። አረፋውን ሳላራግፍ አነሳሁት።

«የሐናን እናት? እጸገነት ነኝ፣ መምህሯ። ሐናን ትንሽ ትንፋሽ አጥሯታል። ፓፏን ቤት ረስታለች። ኮሪደሩ ላይ አስቀምጠናታል፤ ቶሎ ይዘው ይምጡልን።»

ፓፍ የምንለው በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒቷ ነው። ከትራሷ ሥር አገኘሁትና ወጣሁ።

ካዛንቺስ እየኖረ ኮሪደር ሲባል ሌላ ነገር የሚያስብ ማን አለ? ኮሪደር መንገዱ ነው፤ ቤቱ ፈርሶ የሚሰፋው፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆፈረው። ልጄን እዚያ አቧራ ውስጥ ለምን እንዳስቀመጧት አልጠየቅኩም። ክፉ ነገር ሲነገረኝ ወዲያው አምናለሁ።

ወደ መንገዱ ሮጥኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን እንዲህ ስሮጥ ቢያንስ አምስት ሰው «ራሂማ፣ ምን ሆንሽ?» ይለኝ ነበር። ጎረቤቴ ለተገብርኤል ነጠላዋን እያጣፋች ትከተለኝ ነበር። እነሱ ቤታቸው ፈርሶ ከከተማው ዳር ገላን ገብተዋል። እኛ ተራችን ስላልደረሰ ስድስት ቤት ቀርተናል። ከስድስቱ በር አንዱም አልተከፈተም።

ለባለቤቴ ለዓብዱልመጂድ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ከጅቡቲ መኪና የሚያመጣ ሹፌር ነው። የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የሚጭነው የኤሌክትሪክ ብቻ ነው። «አይዞሽ፣ ንጹሕ አየር ጭኜልሽ እየመጣሁ ነው» ብሎ ይቀልድብኛል። የሚጭንበት ትራክ ራሱ ጥቁር ጭስ ይተፋል።

መንገዱ ግማሹ ተዘግቶ አሮጌዎቹ ሚኒባሶች በአንድ መስመር ተጠባብቀው ያጨሳሉ። «ሐናን» እያልኩ በክምር አፈሩ መሐል ሄድኩ። መኪና የሚያሳልፈውን ሠራተኛ ጠየቅኩት።

«ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ እዚህ ሲያስቀምጡ አላየህም?»

«በዚህ አቧራ ልጅ?» አለ አፉን የሸፈነበትን ጨርቅ ዝቅ አድርጎ። «እኛም ተከፍሎን ነው እኮ የምንቆመው።»

ከኋላዬ ክላክስ ጮኸ። አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ቀሚሴን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«እናት፣ ዓይን የለሽም?» አለ ሹፌሩ።

«አንተስ መኪናህ ድምፅ የላትም» አልኩት።

ስልኩ እንደገና ጠራ። «የት ደረሱ?» አለች መምህሯ።

«ኮሪደሩ ላይ ነኝ። የት ናት?»

«እኔም ኮሪደሩ ላይ ነኝ። አላየሁዎትም።»

ወደ ግራም ወደ ቀኝም አየሁ።

«የቱ ኮሪደር?» አለች ቀስ ብላ።

«የቱ ማለት? መንገዱ ነዋ።»

«ውይ፣ የክፍላችን ነው እኮ። በሩ ጋ፣ አግዳሚው ላይ።»

ወደ ኋላ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ስሮጥ ሩብ ሰዓት እንዳባከንኩ አሰብኩ። በሩብ ሰዓት ምን ምን እንደሚሆን ሁሉንም አሰብኩት፤ ብትሞት ማን እንደሚያጥባት ሳይቀር።

ሐናን ከክፍሏ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ፓፉን አፏ ውስጥ አደረግኩ። አንዴ። ሁለቴ። ደረቷ ሥር ያለው ፉጨት እስኪቀንስ ድረስ ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ ለጥፌ ቆየሁ።

«እማ፣ አቧራ በአቧራ ሆነሻል» አለችኝ በመጨረሻ።

እጸገነት ገና ልጅ እግር ናት። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ የሚሞላበትን ቅጽ ይዛ መጣች። «መጀመሪያ የደወልነው እዚህ ለተጻፈችው ጎረቤትዎ ነበር። ገላን ነኝ ብላ አለቀሰችብን። ሌላ የቅርብ ሰው ስልክ ይስጡን።»

ስልኬን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ያሉት ሁሉ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ቦታ ነው የሚኖሩት።

«የአንቺን ብጽፈውስ?» አልኳት።

ሳቀች። «የእኔን? ደዋይዋ እኮ እኔ ነኝ።»

«ቢሆንም።»

ሳቋን ተወችና እስክሪብቶዋን አውጥታ ቁጥሯን ጻፈች። ዝምድና የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«እዚህ ጋ ምን ልበል?»

አሰብኩ። «ለጊዜው ባዶ ይሁን» አልኳት።