የብረት ተርብ ዓሣ ሲያጠምድ

«የብረት ተርብ»ን የማያውቅ ሰው ካለ ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ እኔ በበኩሌ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰው ስናገር ኖሬአለሁ። ጌም ቤት ውስጥ ቆመው የሚጫወቱት ዋናው የተኩስ ጌም ላይ ክርክር የለም። ተርብ የምትመስል አንዲት አውሮፕላን፣ እንደ በረዶ የሚወርድ ጥይት፣ የሚያልበው እጅ፣ በቃ። ክርክሩ ያለው ድርጅቱ ስሙን ለመቸርቸር ሲል ቤት ውስጥ ለሚጫወቱ ሰዎች ባወጣቸው ስድስት ቅጥያዎች ላይ ነው። «የትኛው ነው የሚረባው?» የሚለውን ጥያቄ በቀን ሦስቴ እሰማለሁ።

የምሠራው ኦሳካ፣ ኒፖንባሺ ሰፈር ውስጥ፣ አሮጌ ጌም የሚሸጥ ሱቅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሻጭ ዝም ብሎ አይሸጥም። በየካሴቱ ሥር በእጁ የጻፈውን ትንሽ ካርድ ይለጥፋል፣ ወደደውም ጠላውም የመሰለውን ይናገራል። በስማችን አንፈርምም። የኔ የካርድ ስም «ቁጡ ድመት» ነው። ሰዎች ቁጡ ድመት የጻፈውን ለማንበብ ብለው ያን ቀጥ ያለ ደረጃ ይወጣሉ፤ እኔን ቴፔይን ግን ሒሳብ ተቀባይ ነው ብለው ያልፉኛል።

የቁጡ ድመት ፍርድ እንዲህ ነው። እሽቅድምድሙ ይረባል፣ ከስድስቱ አንደኛ ነው። ካርታው ይረባል፤ አብራሪዎቹ ካርታ ሲጫወቱ የሚሰዳደቡት ስድብ ብቻውን ይበቃል። የምግብ አሠራሩ ለራበው ሰው ነው። ኮከብ ቆጠራው ለማይወዱት ዘመድ ስጦታ ይሆናል። በኪስ የሚያዘው ማሽን ላይ የወጣው ደግሞ ጥይቱም ሰማዩም ግራጫ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ምን እንደገደለው ሳያውቅ ይሞታል። ስድስተኛው የዓሣ ማጥመጃው ነው። ስለሱ የጻፍኩትን ካርድ እንዳለ ላንብበው፦ «ይህን የሠራው የኩሬ ሽማግሌ የሚባል ሰው ዓሣ አይቶ አያውቅም። ውኃ ማየቱንም እጠራጠራለሁ። በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ መልሱ።»

የኩሬ ሽማግሌ የሰው ስም አይደለም። በዚያ ዘመን የጌም ድርጅቶች ተፎካካሪ ሠራተኞቻችንን ይነጥቀናል ብለው ስለሚፈሩ፣ ጨዋታው ሲያልቅ በሚወጣው የስም ዝርዝር ላይ እውነተኛ ስም አያስጽፉም ነበር። ሁሉም በቅጽል ስም ይወጣ ነበር። እኔም ፊቱን የማላውቀውን ሰው፣ የኔንም ፊት በማያሳይ ካርድ፣ አምስት ጊዜ እያደስኩ ስሰድበው ኖርኩ። አዎ፣ አምስት ጊዜ። የመጀመሪያው ካርድ ለስላሳ ነበር።

ከዚያ ቺዙሩን ላገባ ሆነ።

ቺዙሩ የጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ደንበኛዬ ነበረች፣ የካርዶቹ አንባቢ። ወላጆቿ ዘንድ ሄጄ ልጃችሁን ስጡኝ የምልበት እሑድ ሲደርስ ሦስት ትእዛዝ ሰጠችኝ። አንደኛ፣ የጣፋጭ ካርቶኑን በሁለት እጅ አቅርብ። ሁለተኛ፣ ተንበርክከህ ተረከዝህ ላይ ተቀመጥ፤ አባቴ ራሱ «እግርህን ፍታ» ካላለህ በቀር ብትሞትም እንዳትንቀሳቀስ። ሦስተኛ፣ ስለ ጌም አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። አባቷ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ድርጅት ጡረታ የወጣ ሰው መሆኑንና ጌም ሲነሳ ክፍሉን ጥሎ እንደሚወጣ ነገረችኝ። ለሱም የነገረችው እኔ «አሮጌ ዕቃ ሱቅ» እንደምሠራ ብቻ ነው። የቀድሞው ፈላጊዋ ኳስ አልወድም ስላለ ብቻ ከደጅ እንደተመለሰ ስለማውቅ፣ እሺ ብዬ ሦስቱንም ሸመደድኩ።

ወላጆቿ የሚኖሩበት ሳካይ ስንደርስ ዝናብ ያዘን። የጣፋጩ የወረቀት ከረጢት ራሰና ተቀደደ። እኔ ብልጡ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ሌላ ፌስታል አገኘሁና ካርቶኑን እሱ ውስጥ ከተትኩ። የሱቃችን ቢጫ ፌስታል ነበር፣ አውሮፕላን የተሳለበት።

የቺዙሩ አባት አቶ ኦቺያይ ቀጭን፣ ቅንድበ ወፍራም ሰው ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ካርቶኑን በሁለት እጅ አቀረብኩ፣ «እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነው» አልኩ፣ እንደ ደንቡ። ሰውዬው ጣፋጩን አላዩትም። ፌስታሉን እያገላበጡ ማየት ጀመሩ።

«ይሄን ሱቅ አውቀዋለሁ» አሉ። «በወር አንዴ እሄዳለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጡ ድመት የሚባል ሰው አለ። ታውቀዋለህ?»

ቺዙሩ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። እኔ በስም ብቻ ብዬ መለስኩ። ውሸቱ ያኔ ተጀመረ።

«እንግዲህ አንተም ከዚያ ሰፈር ከሆንክ ታውቃለህ» አሉ። «ከብረት ተርብ ቅጥያዎች የትኞቹ ናቸው የሚረቡት?»

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በሕይወቴ ሙሉ የተዘጋጀሁበት ጥያቄ ነው። አፌን ስከፍት የቺዙሩ እናት እትዬ ፉሳኤ ሻይ ሊቀዱልኝ ጎንበስ አሉና፣ እንደ ዋዛ፣ «የዓሣውን እሱ ነው የሠራው ልጄ፤ ቺዙሩ አልነገረችህም?» አሉኝ።

ወደ ቺዙሩ ዞርኩ። አሁንም ጣሪያ ላይ ናት። ለካ ቁጡ ድመትንም የኩሬ ሽማግሌንም ታውቅ ኖሯል፤ ሦስተኛው ትእዛዝ ለዚህ ነበር። ክፍሉን ጥለው ይወጣሉ የተባሉትም ሰውዬ እንደ ተራራ ተቀምጠው መልሴን ይጠብቃሉ።

ወንድ ልጅ በእንዲህ ያለ ሰዓት እውነቱን ይናገራል ይባላል። እኔ አልተናገርኩም። የዓሣውን ጌም አንደኛ አደረግሁት። ጥልቀት አለው አልኩ። የውኃው አሳሳል ልብ ይነካል አልኩ። አቶ ኦቺያይ ፌስታሉን ማጣጠፍ ሲጀምሩ ጨነቀኝና ጨመርኩበት፤ እሱን ከተጫወትኩ በኋላ ስለ ሕይወት ያለኝ አመለካከት ተለውጧል አልኩ። ይህን ስል ቺዙሩ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሰውዬው ግን ፊታቸው እየበራ አልሄደም፤ እየጠቆረ ነው የሄደው።

«ጥሩ» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲያው እንጫወተው።»

ካሴቱንና አሮጌውን ማሽን ከቁም ሣጥን አወጡ። ጆይስቲኩን ለኔ ሰጡኝ። የብረት ተርቧ አውሮፕላን በአንድ ሐይቅ ላይ ቆማ ከጭራዋ ክር ትጥላለች፤ ተጫዋቹ ይጠብቃል። ጨዋታው ይህ ነው። ጥይት የለም፣ ጠላት የለም። በደቂቃ አንዴ አንድ ቅጠል ያልፋል። ከሐይቁ ሥር «ንጉሥ» የሚባል ዓሣ አለ ይባላል፣ እሱን ያጠመደ ጨዋታውን ፈጸመ። ንጉሡን ያጠመደ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

አንድ ሰዓት አለፈ። እትዬ ፉሳኤ ሩዝና የተጠበሰ ሥጋ አቀረቡ፣ በአንድ እጄ በላሁ። ሁለት ሰዓት አለፈ። «እግርህን ፍታ» የሚል ሰው የለም። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴ ነዘረኝ፣ ቀጥሎ ባቴ ጠፋ፣ ቀጥሎ ከወገቤ በታች ያለው አካል የማን እንደሆነ ግራ ገባኝ። አቶ ኦቺያይ አጠገቤ ተቀምጠው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እኔን ነው የሚያዩት። ቅጠል አለፈ። በየመሀሉ «እዚህ ጋ ጥልቀቱ ይሰማሃል?» ይሉኛል። እኔም ይሰማኛል እላለሁ።

ሦስተኛው ሰዓት ሊሞላ ሲል አንዲት ትንሽ ዓሣ ወደ ክሩ መጣች። መጣች፣ አየችው፣ ወደ ኋላ ሄደች። ሳትዞር፣ በጭራዋ በኩል፣ እንደ መኪና ወደ ኋላ ሄደች። ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፣ ለዓመታት ሲፈላ ኖሯል፣ ያን ቀንም ፈላ። ጋብቻውም፣ ደንቡም፣ ቺዙሩም ከጭንቅላቴ ወጡ።

«ዓሣ ወደ ኋላ አይሄድም!» አልኩ። «ይህን የሠራው ሰው ዓሣ አይቶ አያውቅም! ውኃ ማየቱንም እጠራጠራለሁ!»

አቶ ኦቺያይ ቀስ ብለው ወደኔ ተጠጉ።

«ቁጡ ድመት» አሉኝ።

ሸሽቼ ልውጣ ብል እግር የለኝም። አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። ሰውዬው በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አይቼ አላውቅም» አሉ። «ልክ ነህ። የተራራ አገር ልጅ ነኝ፤ ዓሣ የማውቀው ደርቆ ነው። ሌላ የተኩስ ጌም እንድሠራ አለቆቼን ለመንኳቸው። ዘንድሮ የሚሸጠው ዓሣ ነው አሉኝና አራት ወር ሰጡኝ። አንዲት ቀይ ዓሣ በጠርሙስ ገዝቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ። ጠርሙሱ ጠባብ ነበር፣ መዞር አትችልም። ወደ ኋላ ነበር የምትሄደው።»

እትዬ ፉሳኤ ከማድ ቤት ሆነው ዓሣዋ ለሰባት ዓመት እንደኖረች ነገሩን።

አቶ ኦቺያይ ቀጠሉ። አለቆቻቸው ጥሩ ነው ብለው ሸኟቸው፣ ባልደረቦቻቸው ጥሩ ነው ብለው ሸኟቸውና ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ድርጅት ገቡ፣ ባለቤታቸው እስከዛሬ ጥሩ ነው ይሏቸዋል፤ ማንም ግን ተጫውቶት አያውቅም። ለዚህ ነው ወሬው ሲነሳ ክፍሉን ጥለው የሚወጡት፣ ምስጋና ስለሰለቻቸው። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ያን ደረጃ ሲወጡ የኔን ካርድ አገኙ።

«ጌሙ መኖሩን ያስታወሰ ሰው ያየሁት ያኔ ነው» አሉ። «ካርዱን አምስት ጊዜ ቀይረኸዋል። በሦስተኛው ላይ ስለ ቅጠሏ ጻፍክ። ቅጠሏ የምትጀምረው ከሃያ ሰዓት በኋላ ነው። ዛሬ ከሃያ ሰዓት በላይ ተጫውቼ ካቆምኩበት ስላስጀመርኩህ ነው ያየሃት። ስማ፣ አሁን አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፤ ብትዋሸኝ ልጄን አታገኛትም። የዓሣውን ጌም በጠቅላላው ስንት ሰዓት ተጫውተኸዋል?»

አፈርኩ። ለቺዙሩ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

«ስልሳ ሁለት» አልኩ። «የዛሬውን ሳይጨምር።»

«አንደኛ ያልከውን እሽቅድምድሙንስ?»

«አራት።»

የአቶ ኦቺያይ ቅንድብ ተነሳ፣ ወረደ።

«እግርህን ፍታ» አሉኝ።

ማድ ቤት ውስጥ ሰሐን ወደቀ። ቺዙሩ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ምን እንደተባለ ሁላችንም ገብቶናል። እኔም በደስታ እግሬን ልዘረጋ ሞከርኩ፣ እግሬ ግን ትእዛዝ መቀበል ካቆመ ቆይቷል። እንዳለሁ በጎኔ ወደቅሁና ክርኔ ማሽኑን መታው። እነዚያን አሮጌ ማሽኖች የሚያውቅ ያውቃል፤ ጣት ከነካቸው ቀጥ ይላሉ። ቴሌቪዥኑ ረጅም «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ አወጣ።

ቀና ብዬ አየሁ። ክሩ ተወጥሯል። ከሐይቁ ሥር አንድ ግዙፍ ነገር አፉን ከፍቶ ወጥቷል፤ ክሩን ነክሷል፣ እዚያው ላይ ደርቋል። ንጉሡ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቅ ስል አቶ ኦቺያይ በአራት እግራቸው እየዳሁ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረቡ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ።

«ሲነክስ አይቼው አላውቅም ነበር» አሉ። «ይነክሳል ብዬም አላሰብኩም።»

ማሽኑን ማንም እንዳያጠፋው ከለከሉ። ያመጣሁትን ጣፋጭ የበላነው ያ ዓሣ አፉን ከፍቶ እያየን፣ ያ «ዝዝዝ» እየጮኸብን ነው። እኔ እግሬ እስኪመለስ ተጋድሜ ነበር የበላሁት፣ ቺዙሩ እያጎረሰችኝ።

ካርዱን ልቀይር ብል አማቴ አንዲት ፊደል እንዳልነካ አስጠነቀቁኝ። ስለዚህ እስከዛሬ እንዳለ ነው፦ ዓሣ አይቶ አያውቅም፣ ውኃ ማየቱንም እጠራጠራለሁ፣ በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ መልሱ። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጨምሬአለሁ፦ «እኔ ስልሳ አምስት ሰዓት ተጫውቼዋለሁ።» መስመሩን ከጨመርኩ ወዲህ ጌሙን የገዛ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም አማቴ ናቸው።